ሦስት ፋይል፣ አንድ ዓይነት ግብ፦ በሙዚቃ ቴራፒ የአንድን ሰው ግብ እንዴት ትጽፋላችሁ?

ዜማ ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። የሙዚቃ ቴራፒስት ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ትናንት ሱፐርቫይዘሬ ሦስት ፋይል ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ። ስማቸውን በወረቀት ሸፍናዋለች። "የግቡን ገጽ ብቻ አንብቢና የቱ የማን እንደሆነ ንገሪኝ" አለችኝ። ሦስቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መለየት አልቻልኩም።

ሦስቱም ላይ "ማኅበራዊ ግንኙነትን ማሻሻል፣ ስሜትን መግለጽ፣ ትኩረትን ማሳደግ" ይላል። አንዱ ኦቲዝም ያለው የ6 ዓመት ልጅ ነው፤ የሚናገረው ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ሁለተኛው ስትሮክ የመታቸው የ58 ዓመት ሰው ናቸው። የሚባለውን ይረዳሉ፤ መናገር ግን አቅቷቸዋል። የድሮ ዘፈን ሲሰሙ ግን ግጥሙን ይዘውት ይሄዳሉ። ሦስተኛዋ የመርሳት ሕመም ያለባቸው የ81 ዓመት እናት ናቸው። (ማንም እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።)

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሴሽን ውስጥ እያንዳንዳቸው ለየቅል ናቸው። ወረቀቱ ጋ ስደርስ ግን ሁሉም አንድ ሰው ይሆኑብኛል። እናንተ ከየት ነው የምትጀምሩት?

የቆየ ምት

እህቴ፣ አይዞሽ። ይሄ ያልገጠመው ቴራፒስት ያለ አይመስለኝም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የምጽፈው።

ችግሩ ግቡን ከምርመራው ስም ላይ መቅዳታችን ነው። ፋይሉ ላይ "ኦቲዝም" የሚል ካየን እጃችን ራሱ "ማኅበራዊ ግንኙነት" ብሎ ይጽፋል። የምርመራው ስም ሰውየው ምን ሊከብደው እንደሚችል ይነግረናል። ምን እንደሚፈልግ ግን አይነግረንም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሴሽኖች ምንም ግብ አልጽፍም። ምዘና ብቻ ነው የማደርገው። በዚያ ጊዜ ውስጥ መልስ የምፈልግላቸው ጥያቄዎች አሉኝ። ከዚህ ሰው ቀን ውስጥ ምን ጎደለ? መጉደሉ የሚያመው ማንን ነው፣ እሱን ነው ወይስ ዙሪያው ያሉትን? ሌላ ቦታ የማያደርገውን ምን ነገር ሙዚቃ ውስጥ ሲያደርግ አየሁት? የመጨረሻው ጥያቄ የእኛ ድርሻ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱም ሐኪሙም ያን አያዩትም።

ለልጁ ምዘና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን "ኢምታፕ" የተባለ የሙዚቃ ቴራፒ መመዘኛ ተመልከቺ። 10 ዘርፎችን ለየብቻ ያያል። የእጅና የእግር እንቅስቃሴ፣ የስሜት ሕዋሳት፣ የሚባለውን መረዳት፣ ሐሳብን መግለጽ፣ ሙዚቃዊነት፣ ሌሎችም አሉበት። ሁሉንም መሙላት አይጠበቅብሽም። የሚመለከቱትን መርጠሽ ነው የምትሠሪበት።

አሁን ወደ 58 ዓመቱ ሰው ልምጣ፤ ከሦስቱ በጣም ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው። የሚባለውን መረዳታቸውና መዝፈን መቻላቸው ትልቅ ፍንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች በዜማ የመናገር ዘዴን ይፋ አደረጉ። አጭር ሐረግ ትመርጫለሽ። በሁለት ድምፅ፣ ከፍና ዝቅ እያልሽ ታዜሚዋለሽ። ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል የግራ እጃቸውን አንዴ መታ ታደርጊያለሽ። መጀመሪያ ታንጎራጉሪያለሽ፤ ከዚያ አብራችሁ ትላላችሁ፤ ከዚያ ድምፅሽን ቀስ ብለሽ ታጠፊያለሽ። በመጨረሻ ዜማው እየሳሳ ወደ ተራ ንግግር ይመጣል። ሲጀመር ሁለት ሦስት ክፍለ ቃል ይበቃል። "ደህና ነኝ" ሦስት ነው፦ ደህ፣ ና፣ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የለመዱትን ዘፈን መዝፈናቸው ብቻውን ወደ ንግግር አይሻገርም። ዘፈኑ የተሸመደደ ነው፤ ቃላቱ ተያይዘው ነው የሚወጡት። ስለዚህ "ዘፈን እንዲዘፍኑ ማድረግ" ግብ አይሆንልሽም። ግቡ ሐረጉ ነው። የትኛው ሐረግ እንደሆነ ደግሞ አንቺ አትወስኚም፤ እሳቸውን ጠይቂ። በሥዕል ይሁን፣ "አዎ" እና "አይ" በሚል ምልክት ይሁን፣ ብቻ ጠይቂ።

ቆጣሪ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የምጨምረው ግን አለኝ፤ እዚህ ላይ ችላ ስንል የሚጎዳው ሰውየው ነው።

"ማሻሻል" የሚለውን ቃል ከፋይልሽ አውጪው። ከምን ወደ ምን? መነሻው ካልተጻፈ ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ መኖሩን ማንም አያውቅም። አንቺም ብትሆኚ የምታውቂው በስሜት ነው። ስሜት ደግሞ ሰውየውን በጣም ስትወጂው ያታልላል።

ዋናው ግብ ሰፋ ያለ ቢሆን ችግር የለውም። ከሥሩ የሚመጣው ዝርዝር ግብ ግን በዓይን መታየት አለበት። ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 ለመምህራን ያስተማረው ዛሬም ይሠራል። ሰውየው ምን ያደርጋል? በምን ሁኔታ ውስጥ ያደርገዋል? ስንት ጊዜ ወይም ምን ያህል ሲሆን ደረሰ እንላለን? እ.ኤ.አ. በ1981 ጆርጅ ዶራን ያመጣው "ስማርት" የሚባለው የአምስት ፊደል የግብ አጻጻፍ መመሪያ የጊዜ ገደቡንም ይጨምርበታል። ሁለቱም ከሙዚቃ ቴራፒ ውጭ የመጡ ናቸው፤ ለእኛ ግን ያገለግላሉ።

ደግሞ እባክሽ "በ80 በመቶ" እያልሽ አትጻፊ። ሁሉም ሰው 80 ይጽፋል። ከየት እንደመጣ ብትጠይቂው መልስ የለውም። መንገድ ሲሻገር በ80 በመቶ ትክክል የሆነ ልጅ ከአምስት አንዱን ጊዜ አደጋ ላይ ነው። እንደ ነገሩ ክብደት መሆን አለበት። አንድ ሰው ደግሞ በሳምንት አንዴ "አይ፣ አልፈልግም" ማለት ከቻለ፣ ከዜሮ ተነስቶ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

መነሻን መለካት ምን ያህል እንደሚጠቅም ማየት ከፈለግሽ የእርምጃ ሥራን ተመልከቺ። ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን ከምት ጋር እንዲራመዱ ለሦስት ሳምንት አሠለጠኗቸው። የእርምጃቸው ፍጥነት በ25 በመቶ ገደማ ጨመረ። ዘዴው የሚጀምረው ሰውየው በራሱ በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ቆጥሮ ነው። ሜትሮኖሙ (ምት የሚሰጠው መሣሪያ) መጀመሪያ በእሱ ፍጥነት ይስተካከላል። ከዚያ ነው ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ የሚደረገው። በደቂቃ 80 ለሚራመድ ሰው 84 ወይም 88 ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ሰው በ96 ከጀመረ የእሱ ሌላ ይሆናል። የግል ግብ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

የአንድ ልጅ እናት

ባለሙያ አይደለሁም። የማነበው ለልጄ ብዬ ነው። ግን የ6 ዓመቱን ልጅ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የእኔም ልጅ ኦቲዝም አለው። የመጀመሪያው የሙዚቃ ቴራፒስቱ የጻፈለት ግብ "በአንድ ሴሽን 10 ጊዜ ዓይን ለዓይን መተያየት" የሚል ነበር። ግልጽ ነው፣ ይቆጠራል፣ ጊዜም አለው። ቆጣሪ እንዳሉት ነው የተጻፈው። ልጄ ግን ሲያዳምጥ ፊቱን ያዞራል። ጆሮውን ነው የሚሰጠው። "እየኝ፣ እየኝ" ሲባል ሙዚቃውን መስማት አቆመ። ከሁለት ወር በኋላ የክፍሉን በር ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ግቡ ግን ወረቀት ላይ ወደ 7 ደርሶ ነበር!

ሁለተኛዋ ቴራፒስት ስንገናኝ ምንም ከመጻፏ በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ከቀኑ ውስጥ ለእናንተ በጣም ከባዱ ሰዓት የቱ ነው?" አለችኝ። ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ አያውቅም። ከባዱ ሰዓት እሱ አንድን ነገር ማቆም ፈልጎ መናገር ሲያቅተው ነው። ያኔ ራሱን ይመታል። ግቡ ያ ሆነ። ከበሮ አብረው ሲመቱ ማቆም ሲፈልግ እጁን ከበሮው ላይ ዘርግቶ ያስቀምጣል። እሷም ወዲያው ታቆማለች። ሁልጊዜ፣ ሳትጠራጠር። ቀስ እያለ ያንን ምልክት ቤት አመጣው። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ እጁን ሲዘረጋ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ግቡን ከመጻፋችሁ በፊት ለማን እንደሚጠቅም አስቡ። ልጄ እንደ ሌላ ልጅ መምሰሉ ለእኔ ግብ አይደለም።

ቆጣሪ

እናቴ፣ አመሰግናለሁ። የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነዎት። የተሳሳተ ነገርም በደንብ ሊቆጠር ይችላል። ከዚህ በፊት እኔም የዓይን ግንኙነት ግብ ጽፌያለሁ። ከእንግዲህ አልጽፍም።

ነፃ ድምፅ

እኔ ትንሽ ልለይ። ሙዚቃ ከሌላ ነገር ጋር ካልተገናኘ ግብ አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ ያስጨንቀኛል። ፖል ኖርዶፍና ክላይቭ ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1959 አብረው መሥራት ሲጀምሩ አንዱ የሙዚቃ ደራሲና ፒያኒስት፣ ሌላው የልዩ ፍላጎት መምህር ነበሩ። ከልጆቹ ጋር በነፃ ይጫወቱ ነበር። በእነሱ መንገድ ልጁ ሙዚቃው ውስጥ የሚያደርገው ነገር ራሱ ሕክምናው ነው። ለብቻው ይመታ የነበረ ልጅ ዛሬ የፒያኖውን ፍጥነት ተከትሎ ከቀየረ፣ ሌላ ሰው ሰምቷል ማለት ነው። ያንን "ለምን ይጠቅማል?" ብሎ መጠየቅ ለእኔ ይከብደኛል።

ደግሞ የምንለካው ነገር ምርጫ ውጤቱን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውን ትልቁን ጥናት አስታውሱ። በ9 አገሮች ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 364 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ተሳትፈዋል። በነፃ መጫወት ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ቴራፒ ያገኙት ልጆች ካላገኙት ጋር ተነጻጸሩ። ከ5 ወር በኋላ በዋናው መለኪያ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ዋናው መለኪያ የኦቲዝም ምልክቶች ክብደት ነበር። ለ364ቱም ልጅ አንድ ዓይነት መለኪያ! የዚህች እናት ልጅ እዚያ ውስጥ ቢሆን እጁን መዘርጋቱ የትም አይመዘገብም ነበር።

ቆጣሪ

ጥናቱን በዚህ መንገድ ብቻ ማንበብ ግን ደስ አይለኝም። አንድ ነገር ይለውጣል ብለን ከተናገርን በኋላ ሳይለውጥ ሲቀር "የተሳሳተ ነገር ለካችሁ" ማለት ቀላል ነው። ከእሱ የምማረው ሌላ ነው። ለወላጅ "የኦቲዝሙ ምልክቶች ይቀንሳሉ" ብዬ ቃል መግባት የለብኝም። የምገባው ቃል ልጁ ለሚያስፈልገው አንድ የተወሰነ ነገር መሆን አለበት።

ሙዚቃዊ ግብ ላይ ግን ልትረታኝ ትችላለህ። "የፒያኖውን ፍጥነት ተከትሎ ይቀይራል" የሚለው በደንብ የሚታይ ነገር ነው። እሱን ጻፍ። ከሥሩ ግን ከክፍሉ ውጭ የት እንደምትፈልገው አንድ መስመር ጨምር። እዚያ መድረሱን ለማየት።

ነፃ ድምፅ

አንድ መስመር እጨምራለሁ። እስማማለሁ።

ዜማ ፈላጊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እናትየዋን። ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ ነበር።

ለልጁ እንዲህ ሆነ። እናቱን "ከባዱ ሰዓት የቱ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። "ሲጫወት እኛን አይጠራንም። ብቻውን ነው" አለችኝ። ሴሽን ላይ ደግሞ ያየሁት ነገር አለ። ከእኔ ጋር ኪቦርድ ሲጫወት ድንገት ሳቆም አንዳንዴ ክርኔን ይገፋል፤ እንድቀጥል ነው። አምስት ሴሽን ቆጠርኩ። ካቆምኩባቸው 20 ጊዜያት ውስጥ 4 ጊዜ ገፍቶኛል። ዝርዝር ግቡ ይሄ ሆነ፦ "አብሮ በመጫወት ላይ ሳለ ቴራፒስቷ ስታቆም፣ ምንም ሳይነገረውና ሳይታገዝ፣ በመረጠው መንገድ (በእጅ፣ በድምፅ፣ በዕይታ ወይም በሥዕል ካርድ) እንድትቀጥል ይጠይቃል። በ10 ሳምንት ውስጥ፣ በሦስት ተከታታይ ሴሽኖች፣ ካቆመችባቸው ጊዜያት ቢያንስ በግማሹ።" የሚቀጥለው እርምጃ ከእህቱ ጋር ቤት ውስጥ ነው።

የ81 ዓመቷ እናት ጋ ግን ቆሜያለሁ። ሕመማቸው እየጨመረ የሚሄድ ነው። ምንድን ነው የማሻሽለው? ከመምሸቱ በፊት ይረበሻሉ፤ ክፍሉን እየዞሩ በሩን ይሞክራሉ። ልጃቸው ያኔ ነው የምትመጣው፤ እያለቀሰች ትመለሳለች።

የማታ ተረኛ

ነርስ ነኝ። የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ክፍል ነው የምሠራው። ከሙዚቃ ቴራፒስት ጋር አብሬ ስለሠራሁ ልናገር።

ለእነሱ ግቡ "ያለውን ማቆየት" ወይም "ይህን ሰዓት ማቅለል" ሊሆን ይችላል። ይሄ ትንሽ ግብ አይደለም። ባለፈው ወር የሚችሉትን በዚህ ወርም ከቻሉ ሠርታችኋል ማለት ነው። የቀን ገደቡንም አታርዝሙት፤ በየአራት ሳምንቱ ደግማችሁ እዩት።

አብራኝ የምትሠራዋ ቴራፒስት የምታደርገው እንዲህ ነው። ሰው ሲረበሽ ለስላሳ ዘፈን ይዛ አትገባም። ሰውየው በሚራመድበት ፍጥነት ትጀምራለች። አብራ ትራመዳለች፣ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ቀስ እያለች ዝግ ታደርገዋለች። ይህን መርህ ኢራ አልትሹለር የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንደጻፈው ነግራኛለች። እኔም ተምሬው በሌለችበት ማታ አደርገዋለሁ።

ደግሞ የማስታውስሽ፣ ያቺ ልጅም አለች። ግቡ ውስጥ እሷን አስገቢያት። እናቷ ጋ ስትመጣ የምታደርገው ነገር ያስፈልጋታል።

የቆየ ምት

የማታ ተረኛ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። ለመለኪያው የሚረዳሽ አንድ መሣሪያ ልንገርሽ። ኪርሱክና ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1968 ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ያዘጋጁት የግብ መድረሻ መለኪያ ነው። አምስት ደረጃ አለው፤ ከ-2 እስከ +2። ዜሮ ማለት ከዚህ ሰው በዚህ ጊዜ የምንጠብቀው ነው። ሁለቱ ከዜሮ በታች፣ ሁለቱ ከዜሮ በላይ ናቸው። እያንዳንዱን ደረጃ በቃላት ትጽፊዋለሽ፣ ለዚያ ሰው ብቻ። አሁን ያሉበትን ብዙ ጊዜ -1 ላይ ብታስቀምጪው ይሻላል፤ ሁኔታው ቢባባስ -2 ይቀርልሻል። እየጨመረ ለሚሄድ ሕመም ያ ቦታ ባዶ መሆን አለበት።

ለእናትየዋ ዜሮ ምን ይሆናል? "ልጃቸው በምትጎበኛቸው ማታ ከእሷ ጋር እያንጎራጎሩ 10 ደቂቃ ይቀመጣሉ" ቢሆንስ? ቁጥሩን ግን ከራሳቸው መነሻ አውጪው። ከእኔ አትውሰጂ።

ዜማ ፈላጊ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

የ58 ዓመቱን ሰው ጠየቅኳቸው። ከንግግር ቴራፒስቷ ጋር ተቀምጠን ወደ 30 የሚሆኑ ሥዕሎችና ፎቶዎች ዘረጋን። "ውኃ"፣ "ሕመም"፣ "መጸዳጃ" ይመርጣሉ ብዬ ነበር። እጃቸውን የልጅ ልጃቸው ፎቶ ላይ አድርገው አላነሱትም። ከዚያ ስልኩን አሳዩኝ። እሁድ እሁድ ትደውላለች። እሳቸው መልስ መስጠት ስለማይችሉ ስልኩን ለሌላ ሰው ያቀብላሉ።

ግቡ እንዲህ ተጻፈ፦ "ስልክ ስትደውልላቸው በግራ እጃቸው ምት እየመቱ ስሟንና 'ደህና ነኝ'ን ማንም ሳያግዛቸው ይላሉ። በ8 ሳምንት ውስጥ፣ ከአራት ጥሪዎች በሁለቱ።" መነሻው ዜሮ ነው። ስሟ ሦስት ክፍለ ቃል ነው። እስካሁን አብረን ስንል ይወጣል፤ እኔ ድምፄን ሳጠፋ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ባለፈው ሐሙስ ግን አንዴ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ሌላ ልምምድ አላስፈለገንም።

ሱፐርቫይዘሬ ትናንት ፋይሎቹን መልሳ ስማቸውን ሸፈነች። በዚህ ጊዜ የጠየቀችው እኔን ሳይሆን የማታውቃቸውን አንዲት ባልደረባችንን ነው። ስለ ሦስቱ ሰዎች በአጭሩ ነገረቻትና "የቱ የማን ነው?" አለቻት። ልጁንና የ58 ዓመቱን ሰው ወዲያው ለየቻቸው። የእናትየዋን አንብባ "ይሄ የማንኛዋም አረጋዊት ሊሆን ይችላል" አለች። ልክ ናት። "የተረጋጋ ማታ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ነገ ማታ ልጃቸው በምትመጣበት ሰዓት እሄዳለሁ። እናቷ በሩ ጋ ምን እያሉ እንደሚሞክሩት፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ እሷን እጠይቃታለሁ።

የአንድ ልጅ እናት

ለልጅቷ እኔም ሰላም ብያለሁ በያት።